ለእንቅልፍ መሰናዳት ይገባል

ሰው ለእንግዳ ቤቱን ይጠርጋል፤ ለበዓል ልብሱን ያጥባል፤ ለመንገድ ስንቁን ይቋጥራል። ለእንቅልፍ የሚሰናዳ ግን ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን እስኪደክመን ድረስ ሠርተን፥ መብራቱን አጥፍተን፥ ራሳችንን በአልጋ ላይ ከጣልን በኋላ እንቅልፍ እንደ ታዛዥ ተጠርቶ እንዲመጣልን እንጠብቃለን። ባልመጣም ጊዜ እንበሳጫለን፤ በተበሳጨን መጠን ደግሞ ይብሱን ይሸሸናል። በዚህ ወር ለአንባብያን ልናስረዳ የምንወደው አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም እንቅልፍ በግድ የሚያዝ ወይም ከመድኃኒት መደብር የሚገዛ ዕቃ ሳይሆን፥ አስቀድመው የሚሰናዱለት የተፈጥሮ ጸጋ መሆኑ ነው። ለመሰናዶውም በየቤቱ የሚገኙ ሁለት ቀላል መሣሪያዎች አሉ፤ አንደኛው ሞቅ ያለ ውኃ፥ ሁለተኛው ዝግ ያለ የሰውነት ማፍታታት ነው።

አንድ መምህር እናስብ። እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ድረስ የተማሪዎቹን ደብተር ሲያርም ይቆያል። ከእራት በኋላ ቡና ይፈላል፤ አቦሉ ሲያልቅ ቶናው፥ ቶናው ሲያልቅ በረካው ይቀጥላል። ከዚያም ስልኩን በእጁ እንደያዘ ወደ አልጋው ይወጣል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሲሆን ዓይኑ ገና አልተከደነም። ማለዳ ሲነሣ ራሱ ይከብደዋል፤ በክፍል ውስጥ በትንሹም በትልቁም ይቆጣል፤ ተማሪ የጠየቀውን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ያስደግማል። ነገሩ ሳምንታት ሲያስቆጥር አንዱ ወዳጁ የእንቅልፍ ክኒን ያቀብለዋል፤ ሌላው ደግሞ አንድ መለኪያ አረቄ ይመክረዋል። እንዲህ ያለው መምህር በየከተማው አለ። ይህንንም የምንጽፈው እርሱንና እርሱን የመሳሰሉትን በማሰብ ነው።

ስለ ክኒኑና ስለ አረቄው በቅድሚያ እንናገር። አረቄ ቶሎ ያስተኛል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሰውነት መጠጡን እየፈጨ ሲጨርስ የሌሊቱ ሁለተኛ እኩሌታ ይቆራረጣል፤ ማንኮራፋትም ይብሳል። የእንቅልፍ ክኒንም ሐኪም መርምሮ ለአጭር ጊዜ ሲያዝዘው ቦታ አለው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ ግን ሰውነት ይለምደዋል፤ ትናንት በአንድ የተኛ ዛሬ ሁለት ይሻል፤ በድንገት ልተው ሲልም ሌላ ሕመም ይገጥመዋል። ሽማግሌዎችን ሌሊት ሲነሡ ለመውደቅ ይዳርጋቸዋል፤ ከመጠጥ ጋር የተወሰደ እንደሆነ ደግሞ ትንፋሽን እስከ ማቆም ሊደርስ ይችላል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው በዚህ ላይ ይሠራል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፥ እንቅልፍ ማጣት ለጸናባቸው አዋቂዎች መጀመሪያ ሊሰጥ የሚገባው ክኒን ሳይሆን የአስተሳሰብንና የመኝታን ልማድ የሚያርም ሕክምና እንደ ሆነ አስታውቋል። ልማድን ማረም እንግዲህ የደካሞች ምክር ሳይሆን የሐኪሞች የመጀመሪያ ትእዛዝ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ውኃው እንምጣ። ስለ ሞቀ ውኃ ጥቅም ለኢትዮጵያውያን ማስተማር ለቀባሪ እንደ ማርዳት ሊቆጠርብን ይችላል። ዋና ከተማችን ራሷ በፍል ውኃ ምክንያት የተቆረቆረች ናትና። የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በእንጦጦ ተራራ ላይ በነበረ ጊዜ፥ ንጉሡና መኳንንቱ ለመታጠብ ፊንፊኔ ወደሚባለው ሥፍራ ይወርዱ ነበር። እቴጌ ጣይቱም ሥፍራውን ወደው በ1879 ዓ.ም. በፍል ውኃው አቅራቢያ ቤት እንዲሠራ አደረጉ፤ ከተማይቱንም አዲስ አበባ ብለው ሰየሟት። ከዚህም ሌላ ሶደሬና ወንዶ ገነት በፍል ውኃቸው የታወቁ ናቸው። ዛሬ በየከተማው ሰሌዳ ላይ የምናነበው «ስፓ» የሚለው ቃልም ቢሆን፥ በቤልጂየም አገር የምትገኝ በምንጭ ውኃዋ የታወቀች የአንዲት ከተማ ስም ነው። በጃፓን አገር ደግሞ ብዙ ሰዎች ማታ ማታ ሞቅ ባለ ውኃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ይቀመጣሉ። ወደ ገንዳው ከመግባታቸው በፊት ግን ገላቸውን ከውጭ በሳሙና ታጥበው ይጨርሳሉ፤ ገንዳው ለዕረፍት እንጂ እድፍ ለማስለቀቅ አይደለምና።

ሞቅ ያለ ውኃ እንቅልፍ የሚያመጣበት ምክንያት ምንድን ነው? ብዙ ሰው ሙቀት ስለሚያደነዝዝ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የጤነኛ ሰው የውስጥ ሙቀት ቀን ከፍ ብሎ ይውልና ማታ ዝቅ ማለት ይጀምራል፤ ይህም መቀዝቀዝ ለአእምሮ «የመኝታ ሰዓት ደርሷል» የሚል ምልክት ነው። ገላ በሞቀ ውኃ ሲነከር በእጅና በእግር ቆዳ ሥር ያሉት የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ደምም ወደዚያ ይጎርፋል። ከውኃው ከወጡ በኋላ ያ ደም ሙቀቱን ወደ አየር እየለቀቀ የሰውነትን ውስጥ ያቀዘቅዛል። ስለዚህ የሚያስተኛን ከመሞቁ ይልቅ ከሞቁ በኋላ የሚመጣው መቀዝቀዝ ነው። በስዊስ አገር በባዝል ከተማ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት እንዳስታወቁት፥ የእጅና የእግር የደም ሥሮች መስፋት አንድ ሰው ቶሎ እንደሚተኛ ከሚያመለክቱት የሰውነት ምልክቶች ሁሉ የበለጠው ሆኖ ተገኝቷል። እግሩ የቀዘቀዘ ሰው ለምን እንደሚገላበጥ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ጉዳይ የተደረጉትን ብዙ ጥናቶች በአንድነት መርምረው ነበር። ያገኙትም፥ ሙቀቱ ከ40 እስከ 42.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውኃ፥ ከመኝታ ሰዓት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት አስቀድሞ መታጠብ፥ እንቅልፍ የሚወስድበትን ጊዜ በአማካይ አሥር ደቂቃ ያህል እንደሚያሳጥር ነው። ለመታጠቡም አሥር ደቂቃ ያህል እንኳ ይበቃል። እዚህ ላይ ሰዓቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከውኃው ወጥቶ ወዲያው አልጋ ውስጥ የሚገባ ሰው ገና እንደ ሞቀ ነውና ጥቅሙን አያገኝም። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ የሚተኛ ሰው በሁለትና በሦስት ሰዓት መካከል ቢታጠብ መልካም ነው።

«ገንዳ የለን፥ የቧንቧ ሙቅ ውኃ የለን፤ ይህ ምክር ለባለጸጋ ነው» የሚለን አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ለእርሱ የምንሰጠው መልስ የአያቶቹን ሳፋ ነው። በአገራችን ከመንገድ የገባን እንግዳ እግሩን በሞቀ ውኃ ማጠብ ለብዙ ዘመን የኖረ ልማድ ነው። እግሩን የታጠበው መንገደኛ ወዲያው ድካሙ እንደሚወጣለትና እንቅልፉም እንደሚጣፍጥለት አባቶቻችን በልማድ ያውቁት ነበር፤ ምክንያቱን ሳይንስ ያብራራው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ከተሜው ግን ይህን ልማድ እንደ ባላገርነት ቆጥሮ ተወው። የሚያሳዝነው፥ ያው ከተሜ ዛሬ እግሩን በሞቀ ውኃ ለማስነከር በየማስዋቢያው ቤት ገንዘብ መክፈሉ ነው። እርግጥ ነው፥ በቀድሞው ዘመን የሚያጥበው አሽከር፥ ሚስት ወይም ልጅ ነበር፤ ያን ሸክም እንመልሰው አንልም። ዛሬ እያንዳንዱ የራሱን እግር በራሱ እጅ ሊያጥብ ይችላል። የምንመልሰው ሳፋውን እንጂ ማጎንበሱን አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሳፋው መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ውኃ፥ ቀጥሎ የፈላውን ጥቂት በጥቂት መጨመር፤ ይህ ሕፃናትንም ሆነ አዋቂዎችን ከመቃጠል ያድናል። ሙቀቱን በእግር ሳይሆን በክርን መፈተን፤ ክርን ያለ ችግር የቻለው ውኃ ይስማማል። እግርን እስከ ቁርጭምጭሚት በላይ አስገብቶ ከአሥር እስከ ሃያ ደቂቃ መቀመጥ። ከዚያም ውስጥ እግርንና ጣቶችን በእጅ እያሹ ማጠብ፥ በጣቶች መካከል ያለውን እርጥበት በንጹሕ ፎጣ በሚገባ ማድረቅ። ቅዝቃዜ ያለበት ሌሊት ከሆነ ንጹሕ ካልሲ ማድረግ።

ከዚህ ጋር ሳንጠቅሰው የማናልፈው ማስጠንቀቂያ አለ። ውኃው በከሰል ምድጃ የሚሞቅ ከሆነ ምድጃው ከመኝታ ክፍል ውጭ ይሁን። ክፍሉን እንዲያሞቅ ተብሎ ፍም ያለበትን ምድጃ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ሞትን ጋብዞ እንደ መተኛት ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛውን ሳያነቃ ይገድላል። ደግሞም የስኳር በሽታ እግራቸውን ያደነዘዘባቸው ሰዎች የውኃውን ግለት አይሰሙትምና ሌላ ሰው ይፈትንላቸው። የልብ ሕመም ያለባቸው፥ የደም ግፊታቸው ዝቅ የሚል፥ እንዲሁም ነፍሰ ጡር ሴቶች በሞቀ ገንዳ ወይም በፍል ውኃ ከመነከራቸው በፊት ሐኪም ይጠይቁ። መጠጥ የጠጣ ሰው ጨርሶ አይግባ። ወደ ሕዝብ መታጠቢያ የሚሄድም አስቀድሞ ገላውን በሳሙና ይታጠብ፤ ቁስል ወይም ተቅማጥ ያለበት ለራሱም ለሌላውም ሲል ይቅርበት።

ሁለተኛው መሣሪያ ዝግ ያለ የሰውነት ማፍታታት ነው። በዚህ ረገድ ብዙ የታወቀው ከሕንድ አገር የመጣው ዮጋ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ በፈረንጆች አቆጣጠር ጁን 21 ቀን፥ ማለትም ሰኔ 14፥ የዮጋ ቀን እንዲሆን ወስኗል፤ ዩኔስኮም በ2009 ዓ.ም. ከማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች ጋር መዝግቦታል። ዮጋ በመነሻው ከሕንዶች የሃይማኖት ትምህርት ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ የሚጠራጠሩት ወገኖች አሉ። ጥርጣሬያቸውን አንንቅም። እኛ የምንመክረው ጡንቻን ማፍታታትንና ትንፋሽን ማርዘምን ብቻ ነው፤ ለዚህም እምነቱን የሚለውጥ ወይም ጸሎቱን የሚተው የለም። ስሙ ያልተስማማው «ሰውነት ማፍታታት» ይበለው። አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን ከዮጋ የተለየ መንገድ ይዞ፥ ጡንቻን አጥብቆ ጨብጦ ከዚያ በመልቀቅ አእምሮን ማሳረፍ እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ አስተምሯል። መንገዱ ቢለያይም መድረሻው አንድ ነው፤ ሰውነቱ የተወጠረ ሰው አሳቡም አይረግብምና።

እነሆ፥ በሰሌን ወይም በምንጣፍ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል የሚወስድ ሥርዐት። በመጀመሪያ ተቀምጦ ትከሻን ወደ ጆሮ ከፍ አድርጎ መልቀቅ፥ አንገትንም በዝግታ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማዞር። ሁለተኛ፥ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ድመት እንደምታደርገው ጀርባን ወደ ላይ ማጉበጥና መልሶ ወደ ታች ማለዘብ። ሦስተኛ፥ ተረከዝ ላይ ተቀምጦ ወደ ፊት በማጎንበስ ግንባርን በምንጣፉ ላይ ማሳረፍ፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይህን ይዝለለው። አራተኛ፥ በጀርባ ተኝቶ ሁለቱንም እግሮች በግድግዳ ላይ ወደ ላይ ደግፎ አምስት ደቂቃ መቆየት፤ ግላኮማ ወይም ያልተቆጣጠሩት የደም ግፊት ያለበት ግን ይህን አያድርግ። በመጨረሻም እጅና እግርን ዘርግቶ በጀርባ መጋደም፤ ጣቶችን ጨብጦ መልቀቅ፥ ቀጥሎ ክንድን፥ ከዚያ ፊትን፥ ሆድን፥ ጭንን፥ ውስጥ እግርን በየተራ እንዲሁ ማድረግ። ትንፋሽ በአፍንጫ እየተሳበ እስከ አራት ይቆጠር፤ ሲወጣ እስከ ስድስት ይቆጠር። ወደ ውጭ የሚወጣው ትንፋሽ ሲረዝም የልብ ምት ይረጋጋል። የሚያምም እንቅስቃሴ ሁሉ ይቁም፤ ላብ የሚያወጣም ለማታ አይደለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፥ በአንድ ማታ ተአምር አይጠበቅ፤ ለጥቂት ሳምንታት ሳያቋርጡ መሞከር ነው።

ለአንባቢ ከልክ ያለፈ ተስፋ መስጠት የጤና ትምህርት ተግባር አይደለም። ዮጋን የሠሩ ብዙ ሰዎች እንቅልፋቸው እንደ ተሻለ ቢናገሩም፥ የተደረጉት ጥናቶች አብዛኞቹ በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩ ስለ ሆኑ ማስረጃው መጠነኛ ነው። የሞቀ ውኃም የሚያተርፈው ደቂቃዎችን ነው። ነገር ግን ሁለቱም ርካሽ ናቸው፤ በጥንቃቄ ለያዛቸው አይጎዱም፤ ከሁሉም በላይ ለሰውየው በቀኑና በሌሊቱ መካከል ድንበር ያበጁለታል። በአንጻሩ «መርዝን ከሰውነት ያወጣል» እየተባለ በውድ ዋጋ የሚሸጠውን ጭቃ፥ ጨውና ቅባት አንባቢ በጥርጣሬ እንዲያየው እንመክራለን። መርዝን ከሰውነት የሚያስወግዱት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ ለሥራቸውም ዋጋ አይጠይቁም። አቅም ያለው ሰው ገላውን ቢያሳሽና ፍል ውኃ ቢጎበኝ ደስ ይለናል፤ አቅም የሌለው ግን ምንም እንዳልቀረበት ይወቅ።

መሰናዶውን የሚያፈርሱትን ነገሮች ካላራቅን ግን ውኃውም ማፍታታቱም በከንቱ ይቀራል። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን እኩሌታው ከሰውነት የሚወጣው በአማካይ በአምስት ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ በአሥራ አንድ ሰዓት ከተጠጣው ቡና የካፌይኑ ግማሽ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ገና ሥራውን እየሠራ ነው። ቡናን ማንም ከቤታችን አያስወጣውም፤ ማኅበራዊ ሕይወታችን በዙሪያው ነውና፤ የቡናው ሥርዐት ግን ወደ ጠዋትና ወደ እኩለ ቀን ቢዞር ጎረቤትም አይቀየምም። የስልክና የቴሌቪዥን ብርሃንም ሜላቶኒን የተባለውን የእንቅልፍ ንጥረ ነገር ያዘገያል፤ ስልክ ከአልጋ ርቆ ይደር። መነሻ ሰዓትም በበዓል ቀን እንኳ ብዙ አይለዋወጥ።

ይህን ሁሉ አድርጎ እንቅልፍ በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ፥ ለሦስት ወር ያህል የከዳው ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ። በኃይል የሚያንኮራፋና በመካከሉ ትንፋሹ ቆም የሚል ሰው፥ እንዲሁም ኀዘንና ተስፋ መቁረጥ እንቅልፍ የነሣው ሰው፥ ሦስት ወርም አይጠብቅ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

መምህራን ሆይ፥ ነገሩ የእናንተ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእንቅልፍ ጥናት የታወቁ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ምክር ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፥ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለው ከ8 እስከ 10 ሰዓት በየቀኑ መተኛት ይገባዋል፤ ለአዋቂም ከ7 ሰዓት ያላነሰ ያስፈልገዋል። ቀን የተማሩት ነገር በአእምሮ ጸንቶ የሚቀመጠው ሌሊት በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ለፈተና ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ያነበበ ተማሪ ያጠናውን በተቀደደ ከረጢት ይዞ እንደ መጣ ይቆጠራል። ስለዚህ በጤና አጠባበቅ ክፍለ ጊዜ እጅ መታጠብን እንደምታስተምሩ ሁሉ፥ ማታ እግር መታጠብንና በጊዜ መተኛትንም አስተምሩ። ምክራችሁም እንዲሰማ አስቀድማችሁ በራሳችሁ ላይ ሞክሩት። ዛሬ ማታ ደብተሮቹን በጊዜ ክደኑ፤ ውኃውን አሙቁ፤ ምድጃውን በውጭ ተዉ። ነገ ጠዋት ተማሪው የጠየቃችሁን ጥያቄ ሳታስደግሙ ከሰማችሁ፥ የድካማችሁን ዋጋ አግኝታችኋል።